ልጅቷ በእውነት ነበረች? ስለ ባለ ሉል ጉትቻዋ ልብ ወለድ ለድሬ አንባቢዎች

ጥያቄ፦ «ሰላም ላንቺ ይሁን። ድሬዳዋ ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየተገናኘን መጽሐፍ የምንወያይ ዘጠኝ ሰዎች ነን። ሰሞኑን ያነበብነው ትሬሲ ሸቫሊዬ ስለ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቬርሜርና ስለ ገረዱ የጻፈችውን ‹ባለ ሉል ጉትቻዋ ልጅ› የተባለ ልብ ወለድ ነው። መስማማት አቃተን። አራታችን ወደድነው። ሦስቱ ‹ምንም ነገር የማይፈጠርበት መጽሐፍ› አሉ፣ አንዱ እንዲያውም ግማሽ ላይ ተወው። ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ሰውዬው ተጠቅሞባት ነው የጣላት ብለው ተናደዋል። አንቺ ሠዓሊ ነሽና ንገሪን። ልጅቷ በእውነት ነበረች? ተዋደው ነበር? ማንኛችን ነን ልክ?»

ሰላም ወንድሜ። በድሬ ወግ አንቺ ብለህ ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል፣ እኔም አንተ እልሃለሁ። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሥዕል ሳስተምርና የሰው ፊት ስሥል ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይሄን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ መልሴ ይረዝማል። መጨረሻውንም ስለምነካው ግማሽ ላይ የተወው ጓደኛችሁ አስቀድሞ ይወቀው።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ግሪት የምትባለው የአሥራ ስድስት ዓመት ገረድ አልነበረችም። ደራሲዋ የፈጠረቻት ናት። ሥዕሉ ግን አለ። ሠዓሊው ዮሐንስ ቬርሜርም ነበረ። ዴልፍት የምትባለው ከተማ፣ ሚስቱ ካታሪና፣ አማቱ ማሪያ ቲንስ፣ ሌላይቱ ገረድ ታኔኬ፣ እነዚህ ሁሉ በሰነድ የሚታወቁ ናቸው። ተዋደው ነበር ወይ ለሚለው ግን መልስ መስጠት አይቻልም። ከሁለቱ አንዷ በሕይወት አልነበረችማ።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ይከፋዋል። አንድ ተማሪዬ ይሄን ስነግራት «ታዲያ ያቺ ፊቷ የማን ነው?» ብላ አለቀሰች ማለት ይቻላል። ጥያቄዋ ትክክል ነው፣ መልሱም ደስ የሚል ነው።

ሥዕሉ የተሣለው በ1665 አካባቢ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። ሆላንዶች በዚያ ዘመን «ትሮኒ» የሚሉት የሥዕል ዓይነት ነበራቸው። ትሮኒ ፊት ነው፣ የአንድ የታወቀ ሰው ምስል ግን አይደለም። ሠዓሊው ጥምጥም ወይ ወታደራዊ ቆብ ወይ እንግዳ ልብስ አልብሶ አንድ ዓይነት ሰው ይሥላል፣ ገበያ ላይም በዚያው ስም ይሸጣል። ፊት የሰጠው ሰው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ልትሆን ትችላለች፣ ከሐሳብም ሊሆን ይችላል። ቬርሜር ከሞተ በኋላ በየካቲት 1676 የቤቱ ዕቃ ሲቆጠር ከተመዘገቡት መካከል «በቱርክ አለባበስ የተሣሉ ሁለት ትሮኒዎች» ይገኙበታል። አንደኛዋ ይህቺው ልትሆን ትችላለች። እንግዲህ ስም የለም፣ ዓይነት ነው የተጻፈው።

ለኛ ይሄ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አስብ። ዘንዶው እግሩ ሥር ነው፣ ዛፉ ላይ ደግሞ ብሩታዊት አለች። በየቤተ ክርስቲያኑ ትልልቅ ዓይኖቿን አፍጥጣ ታይሃለች። ያቺን ልጅ አይቶ «ሠዓሊው ጎንደር ውስጥ የማንን ልጅ አስቀምጦ ነው የሣላት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞህ ያውቃል? ብሩታዊት ናት፣ በቃ። የቬርሜር ልጅ ግን በጣም ሕያው ስለሆነች፣ አፏ ከፈት ብሎ፣ ልትናገር ወይ ልትዞርብህ ስለምትመስል፣ ሰው ሁሉ ስም ሊያወጣላት ይፈልጋል። ደራሲዋም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። እኔ አልፈርድባትም።

ሐረር ሄዳችሁ ከሆነ ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤትን ታውቁታላችሁ። ፎቅ ያለው፣ መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት የሆኑት ቤት። እንግዳ ሁሉ ገብቶ «የትኛው ክፍል ነበር የሚተኛው?» ይላል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ የሞተው በ1891 ነው። ቤቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። እዚያ አልኖረም። ግን ቤቱ ያምራል፣ ውስጡ ያሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎች እውነተኛ ናቸው፣ ከነዚህም ራምቦ ራሱ በ1883 ያነሳቸው አሉ። ይሄ ልብ ወለድም ለኔ እንደዚያ ነው። ስሙ የተሰጣት ሰው ውስጡ አልኖረችም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ግን ብዙው እውነት ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ጓደኞችህ ልምጣ፣ «ምንም አይፈጠርም» ወዳሉት።

ግሪት ከተቀጠረች በኋላ ዋናው ሥራዋ ሠዓሊው የሚሠራበትን ክፍል ማጽዳት ነው። ትእዛዙ ከባድ ነው። አቧራውን ትጠርጋለች፣ አንድም ዕቃ ግን ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ምን ታደርጋለች? በእጇ ትለካለች። ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ማሰሮው ስንዝር፣ ከማሰሮው እስከ ደብዳቤው ሁለት ጣት። አንስታ ታብስና በልኩ ትመልሳለች። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ ሆን ብላ ታዛባዋለች፣ ሥዕሉ ትንሽ መረበሽ እንደሚያስፈልገው ስለታያት። ሠዓሊው ያያል። ይቀበላታል። እንደ ራሷ ሐሳብ ይሥለዋል።

ወንድሜ፣ ይሄ «ምንም» አይደለም። አፍ የሌላት ልጅ በአንድ ጨርቅ ተናገረች፣ ሰውየውም ሰማት። ድሬ ውስጥ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ያየ ሰው ይሄን ገጽ በዝግታ ነው የሚያነበው። በሰው ቤት ጮክ ብሎ የሚፈጠር ነገር ጥቂት ነው። የሚፈጠረው በዕቃ፣ በዓይን፣ በበር አከፋፈት ነው። መጽሐፉ የሚጀምረውም በኩሽና ነው። ግሪት ለሾርባ የከተፈችውን አትክልት በየቀለሙ ለይታ አስቀምጣዋለች፣ ብርቱካናማውን ከሐምራዊው አርቃ። ሠዓሊው ያንን አይቶ ነው የመረጣት። ቀፊራ ገበያ ላይ ካሮትና ሽንኩርት በመደብ በመደብ አድርገው የሚሸጡትን እናቶች እያየሁ ነው ያደግኩት፣ አንዳንዶቹ ቀይ ሥሩን ከጎመኑ አጠገብ ሲያደርጉት እንዴት እንደሚያበራ ያውቁታል፣ ማንም ሳያስተምራቸው። እና ያ ትዕይንት ለኔ ተረት አይደለም።

ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ሠዓሊው በመስኮት ደመናውን አሳይቶ ቀለሙን ይጠይቃታል። ነጭ ነው ትላለች። ቆይታ ስታየው ሰማያዊም ቢጫም አረንጓዴም አለበት። እኔ ይሄን ትምህርት በነጠላ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼን ነጠላ ምን ዓይነት ቀለም ነው እላቸዋለሁ። «ነጭ!» ይላሉ ሁሉም። ከዚያ በስድስት ሰዓት ፀሐይ በረንዳ ላይ አሰጣዋለሁ። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥላ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ግድግዳው ቢጫ ቀለም የተቀባ ነውና ከሥር በኩል ቢጫ ይረጭበታል። እውነተኛው ነጭ ፀሐይ በቀጥታ የመታት አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ናት። ያን ቀን ዝም ይላሉ። ደራሲዋ ይሄን ስለያዘችው ብቻ እኔ ብዙ ነገር ይቅር እላታለሁ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ቀለም የምትፈጭበትን ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሥዕሉ ላይ ልጅቷ ራሷ ላይ ያሰረችው ጥምጥም ሰማያዊ ቀለም በጊዜው ከነበሩት ቀለሞች ሁሉ ውዱ ነው። የሚሠራው ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ድንጋይ ሲሆን ድንጋዩ ከአፍጋኒስታን ተራሮች ነበር የሚመጣው። ድንጋዩን ወቅጦ ከዘይት ጋር መቀላቀል ብቻ የሚበቃ እንዳይመስልህ። እኔ አንድ ጊዜ ትንሽ ቁራጭ አግኝቼ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በመጅ ፈጭቼ ያገኘሁት ግራጫ ዱቄት ነበር። ልቤ ተሰበረ። በኋላ ነው የተማርኩት። ዱቄቱን ከሰም፣ ከዛፍ ሙጫና ከዘይት ጋር አዋህደህ እንደ ሊጥ ታደርገዋለህ፣ ታሳድረዋለህ፣ ከዚያ የአመድ ውሃ ውስጥ እየነከርክ ታሸዋለህ። ቆሻሻው ሊጡ ውስጥ ይቀራል፣ ሰማያዊው ብቻ ወደ ውሃው ይወጣል። የመጀመሪያው እጥበት ከሁሉም የጠራ ነው። እጅህ ይላጣል። ከዚያ ነው እንግዲህ በተልባ ዘይት የሚለወሰው።

ቀዩስ? ከበለስ ቁልቋል ላይ ከሚለቀም ትንሽ ተባይ የሚወጣ ቀይ አለ፣ ኮቺኒል ይባላል፣ በዚያን ጊዜ ከሜክሲኮ በመርከብ ነበር የሚመጣው። ያው ተባይ ነው በእኛ ዘመን ለቀለም ተብሎ ትግራይ ገብቶ የገበሬውን በለስ የፈጀው። ነጩ ደግሞ እርሳስ ነው። የእርሳስ ቁራጭ ከኮምጣጤ ጋር በፋንድያ ውስጥ ተቀብሮ ሲቆይ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ ያ ተፈጭቶ ነው ቆዳዋን የሠራው። መርዝ ነው። እነዚህን ሁሉ ሥዕሉ ያለበት የሞሪትስሆይስ ሙዚየም ባለሙያዎች በ2018 ሥዕሉን በመሣሪያ ሲመረምሩት አረጋግጠዋል።

ልብ ወለዱ ውስጥ ግሪት ይሄን የመፍጨት ሥራ የምትሠራው ከቤት ሥራዋ ላይ ደርባ፣ እመቤቷ እንዳታውቅ ተደብቃ ነው። ደመወዟ በቀን 8 ስቱይቨር ነው። በሆላንዶች ገንዘብ ሃያ ስቱይቨር አንድ ጊልደር ነው። ልብ በል፣ በእጇ የምታሸው ዱቄት ከደመወዟ ጋር አይወዳደርም። ለዚህ ነው ፈረንጆቹ ሠዓሊን ለምታነሳሳ ሴት የሚሰጡትን ያንን የክብር ስም የማልወደው። አማርኛ ለሱ የተለመደ ቃል የለውም፣ ባይኖረውም ግድ የለኝም። ግሪት ሠራተኛ ናት። ፈጪ ናት፣ አጣቢ ናት፣ ተቀማጭ ናት። መቀመጥም ሥራ ነው።

ተማሪ እያለሁ ለክፍል ጓደኞቼ ሞዴል ሆኜ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ሰው ሁሉ አንተን የሚያይህ ይመስልሃል፣ ታፍራለህ፣ ምራቅህን መዋጥ ያስቸግርሃል። ከዚያ አንገትህ ይደነዝዛል። በስተመጨረሻ ማንም አንተን እያየህ እንዳልሆነ ይገባሃል። የሚያዩት ጉንጭህ ላይ የወደቀውን ጥላ ነው። ዓይናቸው ያርፍብሃል፣ ግን አንተጋ አይደርስም። ያን ቀን ወደ ማደሪያዬ ስሄድ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ከፍቶኝ ነበር። ግሪት ሰውየው ሲያያት የሚሰማት ይሄው ነው። ፍቅር ነው ብላ ትጠብቃለች፣ እሱ ግን ብርሃን እያየ ነው። አራታችሁ የፍቅር ታሪክ ነው ብላችሁ ከወደዳችሁት እንግዲህ ይቺን ቦታ ድገሟት።

የተናደዱት ሁለቱ ሴቶች ልክ የሆኑበት ቦታ ጆሮዋ ላይ ነው። ሠዓሊው የሚስቱን የሉል ጉትቻ እንድታደርግ ይፈልጋል። ጆሮዋ አልተበሳም። ራሷ በመርፌ ትበሳዋለች፣ ያመረቅዛል፣ ያማታል። ከዚያ ሰውየው ሁለቱንም ጉትቻ አድርጊ ይላታል። ሁለቱንም! ሥዕሉን ክፈትና እየው፣ የሚታየው ግራ ጆሮዋ ብቻ ነው። ሌላኛው ከፊቷ ወዲያ ነው ያለው። ሠዓሊ ነኝና ይሄን በሙሉ ልብ እነግርሃለሁ፦ የማይታይ ጆሮ ላይ ያለ ጉትቻ ለሥዕል ምንም አይጠቅምም። ደራሲዋ ይሄን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፣ አንባቢ እንዲናደድ ነው ያስቀመጠችው። ስለዚህ ጓደኞችህ በትክክለኛው ገጽ ላይ ነው የተናደዱት። የፈጠራው ሰውዬ ጨካኝ ነው። እውነተኛው ቬርሜር ግን እንዲህ አደረገ የሚል ምንም ሰነድ የለም፣ ስለዚህ ቁጣችሁ የልብ ወለዱ ሰው ላይ ይቅር።

መጨረሻው ደግሞ ሒሳብ ነው። ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ጉትቻዎቹ ለግሪት ይደርሷታል። እሷ የሥጋ ሻጭ ሚስት ሆናለች። በ20 ጊልደር ትሸጣቸዋለች። አሥራ አምስቱ የሠዓሊው ቤተሰብ ለባሏ ያልከፈሉት የሥጋ ዕዳ ነው፣ አምስቱን ለራሷ ትደብቃለች። ከዚያ ሁሉ መፍጨትና መቀመጥ በእጇ የገባው ይሄ ነው። ይሄን ሳነብ በሦስቱም ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ የምናደድበትን ልንገርህ። ካታሪና ናት። መጽሐፉ ውስጥ ቀናተኛ፣ ዕቃ የምትሰብር፣ ሥዕል የማይገባት ሴት ሆናለች። እውነተኛይቱ ካታሪና አሥራ አምስት ልጆች የወለደች ናት፣ ባሏ በ1675 በ43 ዓመቱ ሲሞት አሥራ አንዱ በሕይወት ነበሩ። ለዳቦ ጋጋሪው የነበረባት ዕዳ ብቻ 617 ጊልደር ደርሶ ሁለት ሥዕሎችን ለሱ መስጠት ነበረባት። ለባለሥልጣናት ባቀረበችው ማመልከቻ ከ1672ቱ ጦርነት ወዲህ ሥዕል መሸጥ እንዳቃተው፣ ልጆቹን እያሰበ እንደተብሰለሰለ፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከጤነኛነት ወደ ሞት እንደሄደ ተናግራለች። ይሄንን ያለች ሴት ሞኝ አይደለችም። አሥራ አንድ ልጅ ይዛ የቀረች ሴት ናት።

ታኔኬም ተበድላለች። በመጽሐፉ አኩራፊ ናት። የካታሪና ወንድም ግን ነፍሰ ጡር እህቱን ብረት በተሰካበት ዱላ ሊወጋት ሲል ታኔኬ መሃል ገብታ እንዳስጣለቻት በ1666 በተሰጠ የምስክርነት ቃል ተመዝግቧል። እውነተኛ ገረድ፣ ስሟ ተጽፎ የቀረ! እኔ ብሆን ስለሷ ነበር የምጽፈው። የቬርሜርን ሥዕሎች ይገዛ የነበረው ቫን ሩይቨን ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ገረዶችን የሚነካካ ባለጌ ነው። ለዚህም ሰነድ የለም። እንዲያውም ሚስቱ ማሪያ ደ ክኖይት በኑዛዜዋ ለቬርሜር 500 ጊልደር የተወች ሴት ናት፣ ዛሬ ያሉ አጥኚዎች ዋናዋ ደጋፊው እሷ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ።

ስለ ጨለማው ሳጥን አንድ ነገር ልበል። ግሪት ሳጥኑ ውስጥ አይታ የምትደነግጥበት ቦታ አለ። በትንሽ ቀዳዳ የገባ ብርሃን የውጪውን ምስል የሚያሳይበት ሳጥን ነው፣ ካሜራ ኦብስኩራ ይባላል። ቬርሜር እንደተጠቀመበት የሚያሳይ ጽሑፍ የለም፣ ብዙ ሰው ይገምታል እንጂ። እኔ ግን አምናለሁ ምክንያቱም ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ። የእኛን የድሮ የከዚራ ቤት ታውቀዋለህ፣ ቀትር ላይ የእንጨት መስኮቱ ይዘጋል፣ ሁሉም ይተኛል። እንጨቱ ላይ ምስማር የወለቀበት ቀዳዳ ነበር። በዚያች ቀዳዳ መንገዱ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ይታይ ነበር። ጋሪ በጣሪያ በኩል ጎማው ወደ ላይ ሆኖ ያልፋል፣ ፈረሱም ተዘቅዝቆ፣ ድምፁ ከውጭ፣ ቀለሙ ግን ከውጪው ይልቅ የበሰለ። አቦ፣ እናቴን ቀስቅሼ አሳየኋት። ሠዓሊ የሆንኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ሥዕሉ ራሱ ትንሽ ነው፣ 44.5 በ39 ሳንቲ ሜትር። በ1881 ዘሄግ ላይ በጨረታ ሲሸጥ ቆሽሾ፣ ማንም የማያውቀው ሆኖ፣ በ2 ጊልደር ከ30 ሳንቲም ነው የሄደው። የገዛው ሰው የሞተው ባቡር ድሬዳዋ በደረሰበት በዚያው በ1902 ነው። ለሞሪትስሆይስ ሙዚየም ተናዞት ሄደ፣ ዛሬም እዚያው ነው።

የ2018ቱ ምርመራ ሁለት ነገር አገኘ፣ በጣም ደስ ያለኝ። አንደኛ፣ ከኋላዋ ያለው ባዶ ጥቁር አልነበረም። አረንጓዴ መጋረጃ ነበር፣ በዘመን ብዛት ቀለሙ ጠፋ። ሁለተኛ፣ ሽፋሽፍት አላት፣ በዓይን የማይታይ። ማን እንደሆነች ግን ቀለሙ አልተናገረም። ሉሉም ሉል አይደለም። ማንጠልጠያ የለውም፣ ጆሮዋ ላይ የተያያዘበት ቦታ የለም። ሁለት ሦስት የነጭ ቀለም ንክኪ ነው በቃ። ከላይ አንድ ወፍራም ጠብታ፣ የመስኮቱ ብርሃን። ከታች ደግሞ ሰፋ ያለች፣ ደብዘዝ ያለች ነጭ። መሃሉን የሞላኸው አንተ ነህ።

ቅዳሜ ስትገናኙ ሥዕሉን ስልካችሁ ላይ አጉሉትና ያቺን የታችኛዋን ደብዛዛ ነጭ ፈልጉ። ከዚያ መጽሐፉን ግማሽ ላይ የተወውን ጓደኛችሁን ይቺ ብርሃን ከየት መጣች ብላችሁ ጠይቁት። መስኮቱ ከላይ ነው፣ ስለዚህ ከመስኮቱ አይደለም። ልብሷን ይይ፣ ነጭ አንገትጌ አላት።